ስለ ዱካክ የተጻፉ ሦስት መጻሕፍት

ሰው በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሳለ አንዳንድ ጊዜ አእምሮው ይነቃና አካሉ አልታዘዝ ይለዋል። ዓይኑ ተገልጦ የክፍሉን ግድግዳ ያያል፤ ከጎኑ የተኛውን ሰው ትንፋሽ ይሰማል፤ ነገር ግን እጁን ላንሣ ቢል አይነሣም፤ ልጩኽ ቢል ድምፁ አይወጣም። ብዙ ጊዜም በደረቱ ላይ ከባድ ነገር የተቀመጠበት፣ በክፍሉም ውስጥ ክፉ የሚያስብበት እንግዳ ቆሞ የሚመለከተው ይመስለዋል። ከጥቂት ሴኮንድ ወይም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይለቀቃል። በአገራችን ይህ የደረሰበት ሰው «ዱካክ ተጫነኝ» ይላል፤ የሕክምና ሊቃውንት ደግሞ የእንቅልፍ ሽባነት ይሉታል።

በዚህ ጽሑፍ ስለዚሁ ነገር በእንግሊዝኛ ቋንቋ የተጻፉ ሦስት መጻሕፍትን እንመረምራለን። እነዚህም ዶክተር ኧርነስት ጆንስ በ1931 ያሳተሙት «ስለ ቅዠት»፣ ፕሮፌሰር ዴቪድ ሐፎርድ በ1982 ያወጡት «በሌሊት የሚመጣው ሽብር» እና ዶክተር ሼሊ አድለር በ2011 ያወጡት «የእንቅልፍ ሽባነት» የተባሉት ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው ደራሲ የነፍስ ሐኪም፣ ሁለተኛው የሕዝብን እምነትና ተረት የሚያጠኑ ምሁር፣ ሦስተኛዋም የሕዝብን እምነትና ሕክምናን አገናኝተው የሚመረምሩ ናቸው። ሦስቱንም የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ደራሲው የተጫነውን ሰው ቃል ምን አደረገበት?» የሚል ነው።

ጥያቄው ለጨዋታ የተነሣ አይደለም። ብራያን ሻርፕለስና ዣክ ባርበር በ2011 በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስበው ሲያመዛዝኑ፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ይህ የደረሰበት ሰው ከጠቅላላው ሕዝብ ከመቶ 7.6 ሲሆን ከተማሪዎች መካከል ግን ከመቶ 28.3 ሆኖ አግኝተውታል። እንቅልፍ ማጣትና የመኝታ ሰዓት መዛባት ነገሩን እንደሚያመጡት የታወቀ ስለሆነ፣ ቍጥሩ ለፈተና ሌሊቱን በንባብ ለሚያነጉ ሰዎች እንግዳ ሊሆን አይገባውም። ነገር ግን ከእነዚህ ተማሪዎች ብዙዎቹ ለማንም አይናገሩም። ቢናገሩ ከሁለት መልስ አንዱን እንደሚሰሙ ያውቃሉ፤ አንዱ «ጋኔን ነው የያዘህ» ሲል፣ ሌላው «ቅዠት ነው፤ እርሳው» ይላል። ሁለቱም መልሶች የተናገረውን ሰው ዝም ያሰኛሉ። መጻሕፍቱን የምንመዝነው ከዚህ ዝምታ አንጻር ነው።

፩. ነገሩ በአካል ውስጥ

ወደ መጻሕፍቱ ከመግባታችን በፊት ዛሬ በእርግጥ የታወቀውን በአጭሩ እንገልጣለን። እንቅልፍ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። በ1953 ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሆነው፣ የተኛ ሰው ዓይኖች በሌሊቱ ውስጥ በየጊዜው ከቆባቸው ሥር በፍጥነት እንደሚንቀሳቀሱ፣ በዚያ ሰዓት የተቀሰቀሰ ሰውም ብዙውን ጊዜ ሕልም ላይ እንደ ነበረ እንደሚናገር አስታወቁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሚሼል ዡቬ በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ በድመቶች ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ በዚሁ በሕልም እንቅልፍ ጊዜ የአካል ጡንቻዎች ፈጽመው እንደሚላሉ አሳዩ። ጥቅሙ ግልጥ ነው፤ በሕልሙ የሚሮጥ ሰው ከአልጋው ተነሥቶ እንዳይሮጥ አንጎል ራሱ አካሉን ያስረዋል። ዓይንን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎችና በደረትና በሆድ መካከል ያለው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ግን ከዚህ እስራት ነጻ ናቸው።

ዱካክ የምንለው እንግዲህ ማሰሪያው ሳይፈታ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ የሚደርስ ነው። በጎን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎች ገና ስላልተፈቱ ሰውየው በረዥሙ ልተንፍስ ሲል ደረቱ አይሰፋለትም፤ ስለዚህ የታፈነና የተጫነ ይመስለዋል። ትንፋሹ ግን አልተቋረጠም። በ1992 የጃፓን ተመራማሪዎች የተኙ ሰዎችን በተወሰነ ሰዓት ቀስቅሰው መልሰው በማስተኛት ይህንኑ ነገር በምርመራ ቤት ውስጥ ሊያስከትሉት ችለዋል። በ1999 ደግሞ የካናዳው አለን ቼይንና ባልደረቦቻቸው ከብዙ ሰዎች የሰበሰቡትን ቃል በሦስት መደብ ከፈሉት፤ አንደኛው የእንግዳ መኖር፣ ሁለተኛው የደረት መጫን፣ ሦስተኛው የመንሳፈፍና ከአካል የመውጣት ስሜት ነው። እንግዳውንም አደጋ የሚጠባበቀው የአንጎል ክፍል ያለ ጊዜው ተቀስቅሶ ምንጩን ሲፈልግ የሚፈጥረው ነው ብለው አስረድተዋል።

ይህን ሁሉ ማወቅ ታላቅ ነገር ነው። ሆኖም የተጫነው ሰው ምን እንዳየ፣ ያየውንም ማን ብሎ እንደ ጠራው፣ ከዚያም በኋላ እንዴት እንደ ኖረ የጡንቻው ነገር ብቻውን አይነግረንም። የመጻሕፍቱ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

፪. «ስለ ቅዠት»፤ ሳይጠይቅ የመለሰው መጽሐፍ

የዶክተር ጆንስን መጽሐፍ ለመረዳት አንድ የታወቀ ሥዕል ማስታወስ ይጠቅማል። በስዊስ አገር የተወለደው ሄንሪ ፉዝሊ በ1781 ሥሎ በ1782 በለንደን ለሕዝብ ያሳየውና ዛሬ በዲትሮይት የሥዕል ቤት የሚገኘው «ቅዠት» የተባለው ሥዕል፣ አንዲት ነጭ የለበሰች ሴት በጀርባዋ ተዘርግታ ራስዋ ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች ወርዶ ያሳያል። በደረቷ ላይ አንድ አስቀያሚ ፍጥረት ተኰራምቶ ተቀምጧል፤ ከመጋረጃው መካከልም የፈረስ ራስ ብቅ ብሏል። ሠዓሊው አንድ እውነት አልሳተም፤ ነገሩ በጀርባ በተኛ ሰው ላይ እንደሚበዛ የዘመናችን ጥናትም ይመሰክራል። ነገር ግን የሴቲቱ ዓይኖች ተከድነዋል። በእውነተኛው ዱካክ ዓይን ተገልጦ ያያል፤ በደረት ላይ የተቀመጠውንም የሚያየው የተጫነው ሰው ብቻ ነው፤ ከአልጋው አጠገብ የቆመ ሰው አንዳች አያይም። ፉዝሊ ይህን ገለበጠው፤ ለተመልካቹ ሁሉን አሳየው፤ ከተጫነችው ግን ዓይኗን ነሣት።

ዶክተር ጆንስም በቃላት ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሰውየው የፍሮይድ ወዳጅና ተከታይ፣ በኋላም የሕይወት ታሪካቸው ጸሐፊ የነበሩ የዌልስ ተወላጅ ሐኪም ናቸው። መጽሐፉ በሦስት ክፍል የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው ስለ ቅዠት ሕማምነት፣ ሁለተኛው ቅዠት በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ከነበሩት የሌሊት አጋንንት፣ ከደም መጣጮች፣ ከሰው ተኩላዎች፣ ከሰይጣንና ከጠንቋዮች እምነት ጋር ስላለው ግንኙነት፣ ሦስተኛው በቅዠትና በፈረስ መካከል ስላለው የቃል ዝምድና ይናገራል። የዕውቀቱ ስፋት የሚያስደንቅ ነው። ነገሩንም በሦስት ምልክት፣ ማለት በከባድ ፍርሃት፣ በደረት ጫናና በሽባነት ለይተው ማስቀመጣቸው እስከ ዛሬ የሚጠቅም አገላለጥ ነው። ከእርሳቸው በፊት ብዙ ሐኪሞች ነገሩ ከምግብ አለመፈጨት የመጣ ነው በማለት አቃልለውት ስለ ነበር፣ እንደ ከባድ ጉዳይ መያዛቸው ብቻውን ምስጋና የሚገባው ነው።

ጉድለታቸው ግን ከመሠረቱ ነው። ለእርሳቸው ቅዠት የሚመጣው የሥጋ ፍትወት፣ በተለይም ለዘመድ የሆነና ሰው ለራሱ እንኳ ሊገልጠው የማይደፍረው ምኞት ታፍኖ ከፍርሃት ጋር ሲታገል ነው። ስለዚህ የተጫነው ሰው «አንድ ነገር ደረቴ ላይ ተቀመጠ» ሲል፣ ደራሲው «ምን ዓይነት ነገር? ከየት መጣ? ዓይንህ ተገልጦ ነበርን?» ብለው አይጠይቁም፤ የቃሉን ፍቺ አስቀድመው ያውቁታልና። የሕልም እንቅልፍ ጠባይ የታወቀው በ1953 ስለሆነ በ1931 የጻፈን ሰው ያንን አላወቅህም ብለን ልንወቅሰው አንችልም። ነገር ግን ጥንቃቄ ያለው ጥያቄ ለመጠየቅ የኤሌክትሪክ መሣሪያ አያስፈልግም ነበር። በ1664 የሆላንዱ ሐኪም ኢስብራንድ ፋን ዲመርብሩክ የአንዲት አምሳ ዓመት የሆናት ሴት ታሪክ መዝግቦ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት አንዳንዴ ዲያብሎስ፣ አንዳንዴም ትልቅ ውሻ ወይም ሌባ ደረቷ ላይ ሲጫናት መናገር እንደሚያቅታት የነገረችውን እንደ ነገረችው ጽፎታል። በ1753 ደግሞ ዶክተር ጆን ቦንድ ራሱ በዚህ ይሠቃይ ስለ ነበር ስለ ጫናው አንድ ድርሰት አሳትሟል። ጆንስ ቦንድን አንብበዋል፤ ጠቅሰውማል። ምስክርነቱን ግን ለአስቀድሞው ሐሳባቸው ማስጌጫ አደረጉት እንጂ ሐሳባቸውን እንዲፈትን አልፈቀዱለትም።

ከዚህም የባሰው የመጽሐፉ ውጤት በሕመምተኛው ላይ ያለው ነው። ዱካክ የተጫነው ሰው ይህን መጽሐፍ ቢያነብ ከፍርሃቱ ላይ ኀፍረት ይጨመርበታል። የጥንቱ ቄስ «ከአጋንንት ጋር ተኝተሃል» ብሎ ይከሰው ከነበረ፣ አዲሱ ሐኪም «ልትናገረው የማትችለውን ተመኝተሃል» ይለዋል። የክሱ ልብስ ተለወጠ እንጂ ክሱ አልተነሣም።

፫. «በሌሊት የሚመጣው ሽብር»፤ አዳምጦ ከደጃፍ የቆመው መጽሐፍ

የሁለተኛው መጽሐፍ ርእስ ለእኛ አንባቢዎች ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በእኛ ዳዊት ዘጠናኛ ከሆነው፣ ብዙ ሰው ከመኝታ በፊት ከሚደግመው መዝሙር ጋር የሚዛመድ ነው። ፕሮፌሰር ሐፎርድ ነገሩን ያገኙት በካናዳ ምሥራቅ ጠረፍ በምትገኘው በኒውፋውንድላንድ ደሴት ነው። የደሴቲቱ ዓሣ አጥማጆች «አሮጊቷ ተጫነችኝ» ይላሉ። ሰው የጠላውን ሰው አሮጊቷን ልኮ ሊያስጨንቀው ይችላል ብለው ያምኑ ነበር። መድኀኒቱም የተጫነውን ሰው ስሙን ከኋላ ወደ ፊት ገልብጦ መጥራት፣ ወይም ምስማር የተመታበት ሳንቃ ምስማሩ ወደ ላይ እንደ ሆነ በደረት ላይ አድርጎ መተኛት ነበር። ሐፎርድ በ1971 በዚያው ለሚገኙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጠይቅ ቢያድሉ፣ ከመለሱት 93 ተማሪዎች መካከል ከመቶ 23ቱ ነገሩ ራሳቸው ላይ እንደ ደረሰ ተናገሩ።

እስከዚህ ድረስ መጽሐፉ አንድ የደሴት ልማድ የሚገልጥ ይመስላል። ታላቅነቱ የሚታየው ከዚህ ቀጥሎ ነው። በዘመኑ የነበሩ ምሁራን «ሰዎች አሮጊቷን የሚያዩት ስለ አሮጊቷ ሲወራ ስለ ሰሙ ነው» ይሉ ነበር። ሐፎርድ ይህን አባባል የባህል ምንጭ ሐሳብ ብለው ስም አወጡለትና ወደ ፈተና አቀረቡት። ወደ አገራቸው ወደ አሜሪካ ተመልሰው፣ ስለ አሮጊቷም ሆነ ስለ ተመሳሳይ እምነት ሰምተው የማያውቁ ሰዎችን ጠየቁ። እነዚህም ሰዎች የእግር ኮቴ መስማታቸውን፣ በሩ የተከፈተ መምሰሉን፣ አንድ ነገር ወደ አልጋቸው ቀርቦ ደረታቸውን መጫኑን የደሴቲቱ ሰዎች በነገሩት አኳኋን ነገሯቸው። እንግዲህ ወሬው ገጠመኙን አልወለደም፤ ገጠመኙ ነው ወሬውን የወለደው። ይህንንም የገጠመኝ ምንጭ ሐሳብ አሉት።

በእኛ ግምት ስለ ሌሊት ጫና ከተጻፉት ሁሉ ይህን ያህል ሐቀኛ ጥያቄ የጠየቀ መጽሐፍ አናውቅም። ረዣዥሞቹ ቃለ መጠይቆች፣ የጠያቂው ቃል ከመላሹ ቃል ጋር እየተመላለሰ የቀረቡት፣ ለሚቸኩል አንባቢ አሰልቺ ይሆናሉ። ሆኖም የመጽሐፉ ጕልበት በእነዚሁ ላይ ነው። ጆንስ በአንድ ገጽ የሚያልፉትን ሐፎርድ በዐሥር ገጽ ያዳምጡታል። አንዲት ሴት ወይም አንድ ወጣት ተማሪ «እብድ እንዳትሉኝ» ብሎ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሲናገርና ማንም እብድ ሳይለው ሲቀር፣ አንባቢው የማዳመጥን ዋጋ በዓይኑ ያያል።

ሁለት ነገር ግን እንነቅፍባቸዋለን። አንደኛ፣ ሐፎርድ ታሪኩን ከሰሙ በኋላ ተራኪውን ይተዉታል። ሰውየው በማግሥቱ ሌሊት እንዴት ተኛ? መኝታውን ፈራን? ለሐኪም፣ ለእናቱ፣ ለቄሱ ነገረን? እነርሱስ የሰጡት መልስ ረዳው ወይስ ጐዳው? መጽሐፉ ስለዚህ የሚለው ጥቂት ነው። ገጠመኙ ከእምነት በፊት መኖሩን ለማስረዳት ብዙ ስለ ደከሙ፣ እምነት ከገጠመኙ በኋላ የሚሠራውን ሥራ ለማየት ጊዜ አልቀራቸውም። ሁለተኛ፣ የሕልም እንቅልፍ ሽባነቱን እንጂ የሚታየውን ነገር አንድ ዓይነት መሆን አያስረዳም ብለው በሩን ገርበብ አድርገው ይተዉታል። በ1982 ይህ ተገቢ ጥንቃቄ ነበር። ከ1999 ወዲህ ግን የቼይን ጥናት ለዚህ ጥያቄ በከፊል መልስ ስለ ሰጠ፣ ዛሬ መጽሐፉን የሚያነብ ሰው በዚህ ቦታ ከሐፎርድ አልፎ መሄድ ይገባዋል።

በተጨማሪ መታወስ የሚገባው አንድ ነገር አለ። መጽሐፉ ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ፕሮፌሰር ሐፎርድ በ1963 የኮሌጅ ተማሪ ሳሉ ነገሩ በራሳቸው ላይ ደርሶ እንደ ነበር በጽሑፍ ገለጡ። የሌሎችን ምስክርነት ያለ ንቀት እንቀበል ብለው የተከራከሩት ሰው የራሳቸውን ምስክርነት ለመስጠት ይህን ያህል ዘመን ፈጀባቸው። ይህን የምንጽፈው ለነቀፌታ አይደለም፤ ዝምታው ምን ያህል ብርቱ እንደ ሆነ ያሳያልና።

፬. «የእንቅልፍ ሽባነት»፤ ወደ ቤት የገባው መጽሐፍ

ሐፎርድ ከደጃፍ የቆሙበትን ቤት ዶክተር አድለር ገቡበት። የመጽሐፋቸው ማዕከል በላኦስ ተራሮች ይኖሩ የነበሩት የህሞንግ ሕዝብ ታሪክ ነው። ህሞንጎች በላኦስ ጦርነት ከአሜሪካኖች ጋር ሆነው ስለ ተዋጉ፣ በ1975 አገሪቱ በኮሙኒስቶች እጅ ስትወድቅ ብዙዎቹ ተሰድደው ወደ አሜሪካ ገቡ። ከ1977 ጀምሮ በመካከላቸው አስደንጋጭ ነገር ይታይ ጀመር። ጤነኛ የሆኑ ወጣት ወንዶች በተኙበት ሞተው ይገኙ ነበር፤ ሬሳቸው ቢመረመርም ምክንያት አልተገኘም። ሞቱ በ1981 እጅግ በዝቶ ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ሄደ። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ከመጡት ስደተኞች በዚህ አኳኋን የሞቱት ከመቶ በላይ ናቸው።

ህሞንጎች የሌሊቱን ጫኝ ዳ ቾ ይሉታል። አድለር በካሊፎርኒያ በስቶክተን ከተማ 118 ህሞንጎችን ቢጠይቁ ከመቶ 58ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዳ ቾ እንደ ተጫናቸው ነገሯቸው። በእምነታቸው መሠረት የቤቱ አባወራ ለአባቶች መንፈስ የሚገባውን ሥርዓት ሲፈጽም መንፈሶቹ ቤቱን ይጠብቃሉ። በአዲሱ አገር ግን መሥዋዕቱ የለም፤ ሥርዓቱን የሚያውቀው ሰው በሌላ ከተማ ነው፤ አንዳንዶቹም ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል። ስለዚህ አባወራው ጠባቂ እንደሌለው ቈጥሮ ይተኛል፤ ዳ ቾ ሲመጣም ለመሞት እንደ ተፈረደበት ሰው ይሆናል። የደራሲዋ ክርክር እንግዲህ ይህ ነው፤ በልብ ምት ላይ የተወለደ ጉድለት ያለበት ሰው ከዚህ ፍርሃት የተነሣ ሊሞት ይችላል፤ ማመን እንደሚፈውስ ሁሉ ማመን ይገድላል።

መጽሐፉ አጭር፣ አጻጻፉም ለማንበብ የማያስቸግር ነው። ዋናው ብልጫው ግን ሌሎቹ ያላዩትን ማየቱ ነው። ጆንስ እምነትን የሕማም ምልክት አደረጉት፤ ሐፎርድ እምነትን ከገጠመኝ ኋላ የመጣ ስም አደረጉት፤ አድለር ግን ስሙ ራሱ የሕማሙ አንድ ክፍል መሆኑን አሳዩ። ተመሳሳይ ጡንቻ ተመሳሳይ በሆነ አኳኋን ቢታሰርም፣ «ያልፋል» የተባለ ሰውና «መጥቶብሃል» የተባለ ሰው አንድ ሌሊት አያድሩም።

ነገር ግን በሞት ረገድ ያቀረቡት ክርክር ማስረጃው ከሚሸከመው በላይ ተጭኖበታል። በ1992 ፔድሮና ጆሴፕ ብሩጋዳ የተባሉት የልብ ሐኪሞች በትውልድ የሚተላለፍ የልብ ምት በሽታ ገለጡ፤ በኋላም በደቡብ ምሥራቅ እስያ በእንቅልፍ የሚገድለው ነገር ከዚሁ በሽታ ጋር አንድ መሆኑ ታወቀ። በሽታው በሌሊት የሚገድልና ወንዶችን የሚያበዛ ነው። እንግዲህ የሞቱት ወንዶች የሆኑት ሥርዓቱን የመፈጸም ግዴታ ስለ ነበረባቸው ነው የሚለው አስተያየት ብቸኛው ፍቺ አይደለም። ከዚህም ሌላ ከ1982 እስከ 1990 ባለው ጊዜ በሲንጋፖር ለሥራ የሄዱ 230 የታይላንድ ወንዶች በተመሳሳይ አኳኋን ሞተዋል፤ እነዚህ የህሞንግን ሥርዓት አያውቁም። እርግጥ ነው፣ እነርሱም ከአገራቸው ርቀው በድካም የሚኖሩ ሰዎች ስለ ነበሩ የጭንቀትን ድርሻ አንክድም፤ ደራሲዋም የልቡን ጉድለት አልዘነጉትም። የምንለው የእምነቱን ድርሻ ለክቶ ማሳየት አልተቻለም ነው።

ለዚሁ ሐሳብ ይበልጥ የተመጠነ ድጋፍ የሚገኘው ከሌላ ቦታ ነው። ባላንድ ጀላልና ዴቨን ሂንተን በ2013 ባወጡት ጥናት የግብፅንና የዴንማርክን ሰዎች አስተያይተው፣ ነገሩን ለጂን የሚሰጡት ግብፃውያን ከዴንማርኮቹ ይልቅ ሞትን እንደሚፈሩ፣ ሽባነቱም እንደሚረዝምባቸው አሳይተዋል። ይህ ሰው ይሞታል የሚል አይደለም፤ ሰው ይበልጥ ይሠቃያል የሚል ነው። አድለር በዚህ ልክ ቢቆሙ ኖሮ መጽሐፋቸው ይበልጥ ይጸና ነበር። አለዚያ ግን የእንቅልፍ ሽባነት ራሱ እንደማይገድል ጮኾ ያልተነገረው አንባቢ መጽሐፉን ዘግቶ ከቀድሞው ይበልጥ ፈርቶ ይተኛል። ፍርሃት ይጐዳል የሚል መጽሐፍ ደግሞ ለዚህ ሊጠነቀቅ ይገባው ነበር።

፭. ስለ ራሳችን ዱካክ

ሦስቱ መጻሕፍት ስለ ኢትዮጵያ አልተጻፉም። ሆኖም ከእነርሱ የምንማረው በአገራችን ነገሩን ለሚያጠና ሰው መንገድ ያሳያል።

የመጀመሪያው የቃል ጉዳይ ነው። ዱካክ የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር ያቅፋል። አንደኛው እስካሁን የተናገርንለት የነቃ ሰው ሽባነት ነው። ሁለተኛው ጫት ለረዥም ጊዜ ቅሞ ያቋረጠ ሰው የሚያየው አስፈሪ ሕልም ነው። ለዚህ ሰው ዱካክ የተከፋ ጌታ ነው፤ ስለ ተወው ይቀጣዋል፤ በጠርሙስ ውስጥ ከትቶ ይንጠዋል፤ ከረጢት ሙሉ ጠጠር ዋጥ ይለዋል። ይህም ምክንያት አለው፤ የሚያነቃቃ ነገር የሕልምን እንቅልፍ ስለሚቀንስ፣ ሲቋረጥ የታገደው ሕልም ተጠራቅሞ ይመለሳል። ሁለቱ ነገሮች ይዛመዳሉ፤ ግን አንድ አይደሉም። በአንደኛው ዓይን ክፍሉን ያያል፤ በሁለተኛው ሰው ተኝቶ ያልማል። «ዱካክ ይዞህ ያውቃልን?» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ መጠይቅ ሁለቱን ቀላቅሎ ስለሚመልስ ከቍጥሩ አንዳች አይማርም። እንደ ሐፎርድ «ዓይንህ ተገልጦ ነበርን? የተኛህበትን ክፍል ለይተህ አይተሃልን? መንቀሳቀስ አቅቶህ ነበርን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው የአነጋገር ጉዳይ ነው። የተጫነ ሰው የሚነግረን በማማተብና በጸሎት፣ ወይም ቍርኣን በመቅራት እንደ ተለቀቀ ቢሆን፣ ይህን ለማስተባበል መቸኰል የጆንስን ስሕተት መድገም ነው። ጸሎት ልብን ካረጋጋ፣ የተረጋጋ ልብ ደግሞ ጫናውን ካቀለለ፣ ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ አልጋ ላይ አይጣሉም። የምንቃወመው ሰውን «የተያዝክ ነህ» ብሎ የሚያስፈራራውን፣ ከጓደኞቹም የሚለየውን አነጋገር ነው።

ሦስተኛው ጠቃሚው ዕውቀት ነው፤ ይህንም ሐተታ አብዝተን አናራዝመውም። ነገሩ ሲደርስ ማሰሪያው በራሱ እንደሚፈታና ትንፋሽ እንዳልተቋረጠ ማስታወስ ከሁሉ ይበልጣል። በኀይል መታገል ፍርሃቱን ያብሰዋል። አንዳንዶቹ የእግር ጣትን ወይም ምላስን በጥቂቱ ለማንቀሳቀስ መሞከርን ይመክራሉ፤ ጀላል በ2016 ያቀረቡት ዘዴ ደግሞ ጭራሽ ሳይታገሉ አካልን አላልቶ አሳብን በአንድ ደግ ነገር ላይ ማሳረፍ ይላል። ሁለቱም «አትታገል» በሚለው ይስማማሉ። ነገሩ እንዳይደጋገም በጎን መተኛት፣ የመኝታን ሰዓት ማስተካከል፣ እንቅልፍን አለመቀነስ፣ ማታ ማታ ከጫት፣ ከቡናና ከመጠጥ መራቅ ይረዳል። በቀን ያለ ፈቃዱ እንቅልፍ የሚጥለው ሰው፣ ወይም በድንገት ራሱን የሚስት፣ ከቤተ ሰቡም በወጣትነቱ በእንቅልፍ የሞተበት ሰው ግን ሐኪም ማየት አለበት፤ ይህ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላልና።

እንግዲህ ፍርዳችን በአጭሩ ይህ ነው። የጆንስ መጽሐፍ ለአሳብ ታሪክ ተመራማሪ ይጠቅማል፤ ለሕመምተኛ ግን አይሰጥም። የሐፎርድ መጽሐፍ የአጠያየቅ ትምህርት ቤት ነው፤ ነገሩን ሊመረምር የሚፈልግ ተማሪ ሁሉ ከእርሱ ይጀምር። የአድለር መጽሐፍ ስለ ሞት የሚናገረው በጥንቃቄ ተይዞ፣ ስለ ስም ኀይል የሚናገረው ግን በሙሉ ልብ ሊነበብ ይገባዋል። በአማርኛ አራተኛው መጽሐፍ ገና ይጠበቃል። እስኪጻፍም ድረስ፣ ጧት ተነሥቶ «ሌሊት ተጫነኝ» የሚል ጓደኛ ሲያጋጥመን፣ ፍቺውን ከመስጠታችን በፊት ምን እንዳየ እንጠይቀው፤ ከዚያም ብዙ ሰው ላይ እንደሚደርስና እንደሚያልፍ እንንገረው።